ፌንጣ ያልዘለለ ዕለት

የካቲት 11

ለተከላካዩ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ አሰነባበትህ ጉዳዬ አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነውን አንተው ታውቀዋለህ።

“አባቴ ሆይ” ብለህ ነው የጀመርከው። አባት ካለህ ለእሱ ጻፍ፤ ከሌለህ ነፍስ ይማር። እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። እሱንም ሁለት እግርህን አጣምረህ ገብተህ፣ ቅልጥሙን ለሁለት ከፍለህ አስተኝተህልኛል። በዚህ ላይ ሌላ ልጅ ጨምሩልኝ አላልኩም።

ስልክ ለምን አያነሡም ላልከው፣ ጆሮዬ አይሰማም። ጎሚስታ ነኝ። ዕድሜዬን የጭነት መኪና ጎማ በመዶሻ ስደበድብ ነው የኖርኩት። ፊት ለፊት የሚያወራኝን ከከንፈሩ አነባለሁ፤ በስልክ የሚያወራኝ ሰው ግን ሁሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለኛል። ከፈለግህ ጻፍ፣ ካልፈለግህ ተወው። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የምለውን አላጣም፣ ማንንም ጻፍልኝ ብዬ አልለምንም። ወረቀቱ ላይ የምታየው ጥቁር ነገር የመኪና ቅባት፣ ግራሶ ነው፤ እጄ ታጥቦም አይለቅም።

አሁን ወደ ነገራችን። “ኳሷን ፈልጌ ነው የገባሁት” ብለሃል። ልጄን አገር ምድሩ ፌንጣ እያለ የሚጠራው ለምን ይመስልሃል? አረንጓዴ ስለሚለብስ አይደለም። ተከላካይ ተንሸራቶ ሲመጣበት ስለሚዘል ነው። ኳሷን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ፣ እሱ ከላይ፣ ሰውዬው ከታች፣ ሣሩን አቅፎ ይቀራል። ስንቱን እንደዚያ አድርጎ ጎል አስቆጥሯል! ገና ልጅ እግር ሳለ ከሰፈራችን መጋዘን ጀርባ ባለው አቧራ ሜዳ ላይ ጀምሮ፣ እስከ ትልቁ ክለብ ድረስ፣ ያየውን እግር ሳይዘል ቀርቶ አያውቅም። ካልዘለለ አላየህም። ካላየህ ከኋላ ነው የመጣኸው። ከኋላ የሚመጣ ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቃለህ፤ ወረቀቴን አላቆሽሽም።

የደብዳቤህ መጨረሻ ላይ “እባክዎ፣ እንደገና ይጫወታል ወይ? ይህን ብቻ ይንገሩኝ” ብለሃል።

አልነግርህም።

የፌንጣ አባት


ሚያዝያ 3

ለመጥረቢያው፣

ደጋፊዎችህ ያወጡልህ ስም ነው አሉ። የነገሩኝ ጎማ ሊያስለጥፉ የሚመጡ ሹፌሮች ናቸው። ቅጣትህን ጨርሰህ ሜዳ ስትገባ “መጥረቢያው! መጥረቢያው!” እያሉ ዘፈኑልህ አሉኝ። እንኳን ደስ ያለህ። ሰው በሥራው ነው የሚጠራው።

“ዘፈኑ ሲጀመር ሜዳው ይገለበጥብኛል” ብለሃል። ይገልበጥብህ። የእኛ ቤት ከተገለበጠ ቆይቷል።

የላክኸው ክራንች ደርሷል፤ ባመጣው መኪና መልሼልሃለሁ። ጥሩ ክራንች ነው፣ ቀላል፣ መያዣው ላይ ስፖንጅ ያለው። ለራስህ አስቀምጠው፤ አንድ ቀን የሚሰብርህ አይጠፋም። ልጄ ወደ መጸዳጃ ሲሄድ የሚደገፈው ትከሻ አለው። አጭር ነው፣ ጎባጣ ነው፣ ግን የአባቱ ነው።

“ልምጣና እግሩ ሥር ልውደቅ” ላልከው ደግሞ፣ እግሩ ሥር አንዴ ወድቀህ ያመጣኸውን አይተናል። ባለህበት እደር።

ስለ እናቱ ጠይቀሃል። ምን አገባህ ልልህ ነበር፤ ነገር ግን ስለ እሷ ተጠይቄ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ከሞተች ሰንብታለች። በሕይወት ሳለች ልጇ ሲጫወት አንድ ቀን ዓይኗን ገልጣ አይታ አታውቅም። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ወደ ማድቤት ትገባለች፣ ድስት ትፈትጋለች፣ የተፈተገውን ደግማ ትፈትጋለች። እኔ ስጮህ በበሩ አንገቷን ብቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ። ሌላ እናት “አገባ ወይ?” ትላለች። የእኔዋ “ተነሣ ወይ?” ነው የምትለው።

እሑድ ማታ ሲመጣ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ሎሚ ያብጣል፤ እሷ በሳፋ ሙቅ ውኃና ጨው ይዛ ትቀመጣለች። “ይኼ ሁሉ ለአንድ ኳስ?” ትላለች። “ዝም በይ አንቺ፣ ይኼ እግር ነው ስማችንን ያስጠራው” እላት ነበር። እውነቴን ነው። የዓመቱ ኮከብ አግቢ ሆኖ ዋንጫውን ሲያነሣ ሹፌሮቹ ሁሉ በሱቄ በር ሲያልፉ ጥሩምባ እየነፉ ነው ያለፉት፤ ያንን እኔም ሰምቼዋለሁ።

ጀሶው ተፈትቷል። ውስጡ ብረትና ቡሎን አለ። ከዚህ በላይ የምነግርህ የለም።

“ጋሼ” ብለህ ቀይረሃል፤ አይቻለሁ። እሱንም ተወው።

የፌንጣ አባት


ነሐሴ 19

ለተጠባባቂው፣

እንደተቀመጥክ ሰማሁ። አሠልጣኙ “አንተ ሰው መንካት ፈርተሃል” ብሎ ወንበር ላይ አስቀመጠህ አሉ። አንተም በደብዳቤህ አልካድክም፤ “አጥቂ ሲመጣብኝ ያ ድምፅ ይመጣብኛል፣ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል” ብለሃል። የምን ድምፅ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ጆሮ ስለሌለኝ አልሰማሁትም፤ አንተ ስማልኝ።

ወንበሩ ይመችህ። የእኔም ልጅ ተቀምጧል። እሱ የሚቀመጠው ሱቄ ውስጥ፣ ግማሽ በርሜል ፊት ነው። የተነፋ ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። በየስታዲየሙ ስሙ ሲጠራ የኖረ ሰው አረፋ ሲቆጥር እይልኝ።

ባለፈው አንድ ወፍራም ሹፌር መጣ። አፉ ከመኪናው ይሰፋል።

“አባባ፣ ፌንጣ መቼ ነው የሚዘለው?” አለኝ፣ ልጄ እዚያው ተቀምጦ።

“አንተ ቦርጭህን ስታነሣለት” አልኩት።

ልጄ ሳቀ። ሹፌሩም ሳቀ። አልሳቅሁም። ልጄ የሚስቅበት ምን እንዳለ አልገባኝም።

ይህን ለምን እንደጻፍኩልህ አላውቅም። ልሰርዘው አልኩና ተውኩት፤ የተሰረዘ ወረቀት ለማንም አልልክም፣ ላንተም ቢሆን።

ደብዳቤዎችህን ለልጄ አላሳየሁትም፤ እንደምትጽፍም አያውቅም። “በቀጥታ ለእሱ ልጻፍ?” ብለሃል። ሞክር! የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

“ሐኪሙ ምን አለ?” ብለሃል። ሐኪሙ ያለውን ሐኪሙ፣ ልጄና እኔ እናውቃለን። ለሦስት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፣ ከጠየቅሁህም ላይቀር። ይኸው ስንት ወር ይቅርታ ብቻ ነው የምትጽፈው። ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። ከየት እንደገባህበት ግን አንድ ቃል ተንፍሰህ አታውቅም። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ከሩቅ ነው፤ ሁለት ጉንዳን ሲላተሙ ነው የሚታየኝ። ወንድ ከሆንክ “አዎ፣ ከኋላ ነው የመጣሁት” ብለህ ጻፍ። ያን ጊዜ ቢያንስ ውሸታም አይደለህም እልሃለሁ።

የፌንጣ አባት


ኅዳር 2

ለተከበሩ አባት፣

አባቴም ጋሼም እንዳልል ስለከለከሉኝ፣ የልጅዎ አባት ስለሆኑ ብቻ “አባት” ብያለሁ፤ በዚህ እንዳይቆጡኝ። እንደምን ሰነበቱ? ቅዝቃዜው እንዴት ይዞዎታል? እጅዎ ውኃ ውስጥ ስለሚውል አስብዎታለሁ።

ከየት እንደገባሁ እንድጽፍ አዘዋል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ሰበብ መደርደር እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው። የሰው እግር ሰብሮ “ግን እኮ” ማለት ነውር ነው ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ። አሁን ግን ወንድ ከሆንክ አሉኝ።

ከኋላ አይደለም የመጣሁት። ከፊት ለፊቱ ነው።

እኛ ተከላካዮች ልጅዎን የምንይዝበት አንድ ዘዴ ነበረን። ሌላ አጥቂ ላይ እንደዚያ አንገባም፤ እግር እንሰብራለን ብለን እንፈራለን። ፌንጣ ላይ ግን ሁላችንም ሳንፈራ፣ ባለ በሌለ ኃይላችን እንገባበት ነበር፤ ምክንያቱም ይዘላል። እሱ ከላይ ያልፋል፣ እኛ ከሥሩ እናልፋለን፣ ኳሷ ለማንኛችንም ልትሆን ትችላለች። በየክለቡ ልምምድ ላይ “ለእሱ አትዘኑ፣ አይነካም” ነው የምንባለው። እኔም እንደዚያው ገባሁ። ትንሽ ዘግይቻለሁ፤ ይህን አልክድም፤ ዳኛውም ቀይ ያወጣብኝ ለዚህ ነው።

ነገር ግን ልጅዎ አይቶኛል። ኳሷን ወደ ግራ ገፋ አድርጎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያይተናል። በእኔና በእሱ መካከል ለመዝለል የሚበቃ ሜዳ ነበር። ከዚያ ባነሰ ሲዘል አይቼዋለሁ። አልዘለለም። ቆመ። እግሩን እንደ ችካል ተክሎ ቆመ። ለምን እንደቆመ ከዚያ ቀን ጀምሮ እራሴን ስጠይቅ ውዬ ነው የማድረው። ወይ ደንዝዞ ነው፣ ወይ አሞት ነበር፣ ወይ እኔ ነኝ በጉጉት ተሳስቼ ያየሁት።

ይህን ያልኩት ጥፋቱን በእሱ ላይ ለመጣል አይደለም። እግሬ እግሩን ሰብሯል፤ ይኸው ነው። እርስዎ ጠየቁ፣ እኔ መለስኩ።

ባለቤቴ “ይህን ደብዳቤ አትላክ፣ ሽማግሌውን ታሳዝናቸዋለህ” ብላኛለች። ይኸው ልኬዋለሁ። አሁንም ጥያቄዬ ያው ነው። ይጫወታል ወይ?

አክባሪዎ
ተከላካዩ


ኅዳር 20

ለውሸታሙ፣

ለቀባሪው አረዱት። ስለ ልጄ እግር ለእኔ ታረዳኝ ጀመር?

ቆመ? የእኔ ልጅ ቆመ? ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም። የእኔ ልጅ በሕይወቱ ሙሉ ቆሞ አያውቅም። ዳዴ ሳይል ነው የሄደው፤ እናቱ ምስክር ነበረች። ይልቅ ሚስትህ ካንተ ትሻላለች፤ አትላክ ስትልህ መስማት ነበረብህ። ግን ያሳዘንከኝ እንዳይመስላት ንገርልኝ። አናደድከኝ እንጂ አላሳዘንከኝም። በአንተ የሚያዝን ሌላ ሰው ፈልግ።

“ዓይን ለዓይን ተያየን” ትላለህ። መቼም ጥሩ ጽፈሃል፤ ትምህርት ቤት ገብተሃል መሰለኝ። እኔ አልገባሁም፤ ግን ቀዳዳ ያለበትን ነገር በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ፤ ያንተ ወሬ ቀዳዳ አለበት። መንገድ እያየ፣ መዝለል እየቻለ፣ ጎል ከፊቱ እያለ፣ ማን ነው እግሬን ሰብሩልኝ ብሎ የሚቆመው? እብድ? ልጄ እብድ ነው ልትል ነው?

ያን ዕለት እኮ ጎሉ ባዶ ነበር! በረኛው ወጥቶ ነበር። እኔ ሻይ ቤት ተቀምጬ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። ሁለቱን እጄን ዘርግቼ ነበር። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

ስማኝ፤ እስከ ዛሬ ልጄን ስለዚያ ቀን አንድም ነገር ጠይቄው አላውቅም። ቁስል አይነካካም ብዬ። አሁን ግን እጠይቀዋለሁ። ከአፉ የወጣውን፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌ፣ እሱንም አስፈርሜ እልክልሃለሁ። ያን ጊዜ ፊትህን የምታስገባበት ታጣለህ። ለሚስትህም አንብብላት።

ጠብቅ።

የፌንጣ አባት


መጋቢት 14

ለተከበሩ አባት፣

እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጠብቅ ስላሉኝ ስጠብቅ ከረምኩ። ከእርስዎ ደብዳቤ እንደዚህ ቆይቶብኝ አያውቅም። ስድብዎ ሲቀርብኝ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ።

ዝምታውን እንዲህ ተረድቼዋለሁ። ልጅዎ “ከኋላ ነው የመጣው” ብሎ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ይጽፉልኝ ነበር። ስለዚህ ያላለው ነገር አለ፣ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር አለ። ወደ ክለቡ እንዳልተመለሰ በጋዜጣ አንብቤያለሁ። “ጉዳቱ አልዳነም” ይላል። አልዳነም ማለት ኳሱን ያስቆምኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። አንድ አጥቂ ከነሕይወቱ ቀብሬያለሁ።

እርስዎን ላለማስቸገር አሳጥሬ ልንገርዎት። በዚህ ወር መጨረሻ ጫማዬን እሰቅላለሁ። የመልቀቂያ ወረቀቱን ጽፌ በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አማቼ የዕቃ መጋዘን አለው፤ እዚያ ልገባ ነው። ሰው የማይሰበርበት ሥራ ነው። አሠልጣኙም ካዘነ ለአንድ ቀን ነው የሚያዝነው፤ ለማይነካ ተከላካይ ማን ያለቅሳል?

የሚቀጥለው እሑድ ሰው ስለጎደለ ልሰለፍ እንደምችል ነግረውኛል። አልሰለፍም ብያለሁ።

ከእንግዲህ ጥያቄዬን አልጠይቅዎትም። መልሱን ያገኘሁት መሰለኝ። ይቅርታዎን ግን እስከ መጨረሻው እለምናለሁ።

አክባሪዎ
ተከላካዩ የነበረው


መጋቢት 18

ለአንተ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰ፤ ዛሬ ሱቅ ዘግቼ ነው የምጽፍልህ። ይህን የሚያደርስልህን ሹፌር በር ላይ አቁሜዋለሁ፤ እጁን ጥሩምባው ላይ ጭኗል፤ የአንድ መኪና ጥሩምባ እንደማይሰማኝ ረስቷል።

መጋዘን ልገባ ነው ትላለህ። አንተ ለራስህ የሰጠኸው ግምት ግን አስደነገጠኝ። “አጥቂ ቀበርኩ” ትላለህ። ማንን? ፌንጣን? አንተ? የእኔን ልጅ ኳስ ያቆምኩት እኔ ነኝ ብለህ፣ በዚህ ክብር ጫማህን ሰቅለህ፣ አማችህ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብለህ ዕድሜ ልክህን በጸጸት ልትኮፈስ ነው? ቁመትህን እወቅ። የእኔን ልጅ አንተ አታቆመውም። ካንተ የሚበልጡ፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ተከላካዮች ሞክረው አቅቷቸዋል።

እግሩ ድኗል። ሐኪሙ በነሐሴ ነው “ሂድ ሩጥ” ያለው። ብረቱ ከአጥንቱ ጋር ተስማምቶ፣ ቅልጥሙ ከእኔም ካንተም ቅልጥም ይጠነክራል። ጋዜጣ የሚጽፈውን ተወው፤ ክለቡን “አልዳነም ብላችሁ ለጋዜጣ ንገሩልኝ” ያለው እራሱ ነው።

አሁን የጠየቅከኝን። ጠብቅ ያልኩህን ደብዳቤ የላክሁ ዕለት ነው የጠየቅሁት። የአንድ ከባድ መኪና ጎማ ከቸርኬው ብረት አልላቀቅ ብሎ ነበር። እሱ ጎማው ላይ ቆሞ ጠርዙን በተረከዙ እየረገጠ ነው፤ በዚያው አንተ በሰበርከው እግር። የጎማው ጠርዝ እየተነሣ፣ አቧራው እየቦነነ።

“አንተ፣ ያ ቆራጭ ከየት ነው የመጣብህ?” አልኩት።

“የቱ ቆራጭ?”

“እግርህን የሰበረው ነዋ!”

አፉን አይቼ እንዲገባኝ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ “ከፊት” አለኝ። መርገጡን አላቆመም።

“አይተኸዋል?”

“አየሁት እንጂ፣ አባዬ። ጥርሱ ሳይቀር ታይቶኛል።”

“ታዲያ ምን ሆነህ ነው ያልዘለልከው? ጎሉ ባዶ ነበር እኮ! በረኛው ወጥቶ ነበር!”

ያን ጊዜ ቆመ። ከጎማው ወረደና እላዩ ላይ ተቀመጠ።

“ደከመኝ” አለ።

“ጨዋታው ገና ሳያልቅ ደከመኝ?”

“የዚያን ቀን ድካም አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዘል ነው የኖርኩት፣ አባዬ። ሰው በመጣብኝ ቁጥር እዘላለሁ፣ አንተ ትጮሃለህ፣ እማዬ ድስት ትፈትጋለች። ሲመጣ አየሁትና፣ አንድ ቀን ባልዘልስ ምን ይመጣል? አልኩ።”

“መጣልሃ!” አልኩት።

“መጣ” አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወውና፣ “ስወድቅ ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ። ያን ያህል ሰው ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ያመኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ዕረፍት ነው” አለኝ።

መዶሻውን ወረወርኩት። በእሱ ላይ አይደለም፤ በግድግዳው ላይ። ግድግዳው አሁንም ተቦርቡሯል፤ አልለሰንኩትም።

እሳት አመድ ወለደ አልኩት። “አመድ አይደለሁም፣ ጎሚስታ ነኝ” አለኝ። ወዲያው ተነሥቶ ጎማውን መርገጥ ቀጠለ። ብዙ ቀን አላናገርኩትም። እሱ ግን ያናግረኛል። ይበላል፤ ድሮ እሑድ ጠዋት አንድ ጉርሻ አይወርድለትም ነበር፤ አሁን ድስቱን ጠርጎ ነው የሚነሣው። በርሜሉ ፊት ሲቀመጥ ከንፈሩ ይሾላል፤ እያፏጨ ነው። ምን እንደሚያፏጭ አይሰማኝም። ኳስ ተጫዋች ሳለ ከንፈሩ እንደዚያ ሲሾል አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ይኸው፤ አንተ እውነተኛ ነህ። ይህን ቃል ስጽፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ቢሆንም ጽፌዋለሁ፣ አልሰረዝኩትም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ዳዋው አንተ ነህ። ለምን ይህን ያህል ወር ዝም አሉ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ከልጄ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው የማድረው፤ አንተ ሩቅ ነህ። የሚጠሉት ሰው ሩቅ ሲሆን ይመቻል።

ፊርማውን እልክልሃለሁ ብዬህ ነበር። አላስፈረምኩትም። ደብዳቤህን ግን ትናንት ሰጠሁት፤ ሁሉንም። ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ሲጨርስ፣ “ምስኪን፣ ለእሱስ ማን በነገረው?” አለና ወደ እኔ አየ። ከዚያ በላይ ምን ይበለኝ? ወረቀት ፍለጋ ወጣሁ።

አሁን ስማ። መልቀቂያህን ከመሳቢያ አውጥተህ ቅደደው። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ እንድልህ አትጠብቅ፤ ላላጠፋ ሰው ይቅርታ አይደረግም፣ ላጠፋው ደግሞ ገና አላደረግሁለትም። አንተም ከእንግዲህ ይቅርታ እያልክ እንዳትጽፍልኝ። ይቅርታህ የሚያርፍበት ወንበር በዚህ ቤት የለም።

እሑድ ተሰለፍ። ተጋጣሚያችሁ ያንን ፈጣን አጥቂ ያመጣል አሉ፤ ፀጉሩን የሚቀባውን። አትዘንለት። በጊዜህ ግባ፣ አትዘግይ፣ ኳሷን ጠርገህ ውጣ። እንደማይዘልም እወቅ።

እኔ ሻይ ቤት ነኝ፤ ከተጋጣሚዎችህ ደጋፊዎች መሀል ነው የምቀመጠው፣ ለአንተ እንዳልመጣሁ እንድታውቀው። አጥብቄ ነው የምጮህብህ። ስንት ዓመት እሑድ በመጣ ቁጥር የምጮህበት ሰው ነበረኝ፤ አሁን እሱ እዚህ ጎማ ይነፋል፤ ስጮህበት ዞሮ አይቶኝ ይስቃል። እንደዚያ አይሆንልኝም። የምሰድበው ሰው ሜዳ ላይ ያስፈልገኛል።

እንዳትቀር።

የጎሚስታው አባት